የልብ ዘበኛ

ዓይኔን ኦፕራሲዮን ከተደረግኩ ወዲህ ወንድሜ በምሳ ሰዓቱ እየመጣ መጽሐፍ ያነብልኛል። የሚሠራው እዚሁ ሆስፒታል ነው፤ ምድር ቤት ባለው ወርክሾፕ ውስጥ የተበላሹ የሕክምና መሣሪያዎችን ይጠግናል። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያስጠጋና መነጽሩን ያደርጋል፤ ከዚያ ጣቱ በገጹ ላይ ሲሄድ ሽው የሚል የወረቀት ድምፅ እሰማለሁ። ሲያነብ ቀስ ብሎ ነው። ረጅም ቃል ሲያጋጥመው ቆም ይላል፣ ያጤነዋል፣ ከዚያ ያልፋል። እኔ ድሮም ችኩል ነበርኩ፤ አሁን ግን ዓይኔ በፋሻ ታሽጎ የት እሄዳለሁ፤ ጋደም ብዬ እጠብቀዋለሁ።

እንዲህ ስጠብቀው ነው የልብስ ማጠቢያ ቤታችን ትዝ የሚለኝ።

የእናቴ ሥራ የሰው ልብስ አጥቦና ተኩሶ ማስረከብ ነበር። ከጓሮ ይታጠባል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ መንገዱን በምታየው የፊት ክፍል ውስጥ ይተኮስና ይታጠፋል። ያቺ ክፍል ሁልጊዜ ሳሙናና የሞቀ ጨርቅ ትሸታለች፤ መስኮቷም በእንፋሎት ስለሚሸፈን ጣቴን አንስቼ እጽፍበት ነበር። አባቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው።

"ሬዲዮዋ እስካሁን አልተዘጋችም?"

ሬዲዮዋ እኔ ነኝ። ስሙን ያወጣልኝ እሱ ነው፤ አልተሳሳተም። ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንም ሳያስተምረኝ ማንበብ ጀምሬ ነበር። የሳሙና ካርቶን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የአባቴን ትኬት፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ ያውም ጮክ ብዬ። ልብሱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ሳይወድ በግዱ ሳያዳምጠኝ አይሄድም። አንዳንዱ "ጎበዝ" ይለኛል፤ ብዙው ግን ልብሱን ተቀብሎ ቶሎ ውልቅ ይላል።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ በዝምታ ደግሞ በብዙ ይበልጠኛል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ከበሩ ጀርባ ይወረውርና ካውያ ያነሳል። ኮሌታው፣ ትከሻው፣ እጅጌው፤ አንድ ጊዜ የሄደበትን ሁለተኛ አይመለስበትም። በትምህርቱ ግን ክፍል ደግሟል፣ የሰፈር ልጆችም "ድንጋይ ራስ" ይሉታል። ሰነፍ ነው ሲባል ስለሰማሁ እኔም ሰነፍ ነው ብዬ ደመደምኩ። በዚያ ዕድሜዬ ትልልቅ ሰዎች ደጋግመው ያሉት ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሥራው ሲበረታ እናቴ ትጠራኛለች።

"ነይ እስቲ ሬዲዮዬ፣ አንብቢልኝ። እጄ ሥራ ይዟል፤ ድምፅሽን ስሰማ ይቀለኛል።"

"ምን ላንብብልሽ?"

"የተገኘውን። ይኸው የወንድምሽ መጽሐፍ አለ አይደል።"

ያልታጠበ ልብስ የተቋጠረበት አንሶላ ላይ ወጥቼ እቀመጥና አነባለሁ። እናቴ ትተኩሳለች፣ ወንድሜ ከጎኗ ያጥፋል። ስጨርስ "እስቲ ድገሚልኝ፣ አልገባኝም" ትለኛለች፤ እደግማለሁ። አንድም ቀን ተረት አምጪ አላለችኝም። ሁልጊዜ የምትፈልገው የወንድሜን ትምህርት ነው፤ ያውም በማግሥቱ የሚማረውን። አንዲት ልብስ አጣቢ ስለ ድንጋይ ዓይነቶችና ስለ ዝናብ አመጣጥ ይህን ያህል መጓጓቷ ለአፍታም አልገረመኝም። ድምፄ ስለሚያምር ነው ብዬ ነበር።

ዛሬ ሳስበው እናቴ ከዚያ ሁሉ ንባብ ግማሹን እንኳ የሰማችው አይመስለኝም። ትከታተል የነበረው የወንድሜን ፊት ነው፤ "አልገባኝም" የምትለውም እሱ ግንባሩን ሲቋጥር ነበር። ለእኔ እንዳትነግር የለመናት ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ታናሽ እህቱ እንደምታነብለት ካወቀች ሰፈሩ ሁሉ በማግሥቱ እንደሚያውቅ ገብቶታል። ሬዲዮ ላይ ምሥጢር አይቀመጥም።

የደንበኞችን ልብስ የምንለይበት የክር ነገርም እንዲሁ ነው። ቀድሞ በየልብሱ ላይ የደንበኛው ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይሰካ ነበር። አንድ ቀን የጥርስ ሐኪሙ ሱሪ ለአናጢው ሄደ፤ አናጢው ረጅም ሰው ነውና ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሳይደርስ ቀርቶ እየሳቀ ይዞት መጣ። ከዚያ በኋላ እናቴ ወረቀቱን ትታ በክር ቀለም መለየት ጀመረች፤ ለሐኪሙ ቀይ፣ ለአናጢው ሰማያዊ፣ ለወንድሜ ሳይንስ አስተማሪ ቢጫ። ለምን ብዬ ብጠይቃት "ወረቀት እርጥበት አይችልም" አለችኝ። አምኛት ነበር። ሱሪውን ይዞ የሄደው ወንድሜ እንደነበር፣ ከዚያም ጓሮ ገብቶ እራቱን ሳይበላ እንደተኛ ግን ከዚህ ጋር አላያያዝኩትም።

በዚያ ዓመት ፈተናው ሲቃረብ አባቴና እናቴ ድምፃቸውን ቀንሰው ማውራት አበዙ። እኔ የታጠበ አንሶላ ሥር ተደብቄ እሰማለሁ።

"ዘንድሮ ከወደቀ ይበቃዋል" አለ አባቴ። "ጋራዥ ሰው ይፈልጋሉ፤ ተናግሬለታለሁ። እጁ ጥሩ ነው።"

"ልጁ እኮ ያውቃል።"

"ካወቀ ታዲያ ለምን ወረቀቱ ላይ አያሰፍረውም?"

"እኔ እንጃ" አለች እናቴ። ካውያውን ስታስቀምጥ ሰማሁ። "ግን ያውቃል። ስጠይቀው ሁሉንም ይመልስልኛል።"

"አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ሰው ፊት ቆሞ ከሚዋረድ ሙያ ቢይዝ ይሻለዋል።"

እኔ በጋራዡ ቀናሁ። መኪና አለ፣ ቅባት አለ፣ የቤት ሥራ የለም። ስለዚህ ሮጬ ሄጄ ወንድሜን "እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት። የሰማሁትን ሁሉ አስረዳሁት። የተኮሰውን እጅጌ መልሶ ተኮሰው፤ እሱ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

"እኔ ትምህርት ቤቱን ነው የምፈልገው" አለኝ ቆይቶ።

"መጽሐፍ አትወድም እኮ።"

"ማንበቡን ነው የማልወደው። ውስጡ ያለውን እወደዋለሁ።"

ይህ ነገር ፈጽሞ አልገባኝም። ውስጡ ያለው የሚገኘው በማንበብ አይደል እንዴ? ወሬ ሲያጣ የሚናገረው ነው ብዬ ተውኩት።

የልብ ትምህርት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ አራት ክፍሎች እንዳሏት፣ በመካከላቸው በሮች እንዳሉ፣ በሮቹም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ እንደሚያደርጉ አነበብኩ። እናቴ "ድገሚው" አለች፤ ደገምኩ። ዝናብ እንዳይቀድማት ልብስ ልታስገባ ወደ ጓሮ እየሄደች "አንዴ ብቻ" አለችኝ። ውጭ የጎረቤት ልጆች ገመድ ይዘላሉ፤ የእነሱ ሳቅ በመስኮቱ ይገባል። እኔም ልወጣ ቸኮልኩ። ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ በሮቹ ዘንድ ስደርስ ድምፄን ሳልለውጥ ከራሴ ጨመርኩበት።

"በየበሩም አንዲት ዘበኛ ቆማለች። ያለፈ ደም ዕቃ ረስቼ ነው ብሎ ቢመለስ አታስገባውም።"

ወንድሜ ቀና አለ። "እሷን ድገሚልኝ።"

ጭራሽ ድገሚልኝ ሲለኝ ደስ አለኝና ጥቂት ጌጥ ጨመርኩላት። "ልብ እረፍት ስለሌላት ዘበኛዋ ምሳዋን የምትበላው ቆማ ነው።"

ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ትልቅ ነገር የገባው ሰው ፊት ነበረው። እኔም መጽሐፉን ዘጋሁና ወደ ገመድ ዝላዩ ሮጥኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የወንድሜ ክፍል ልጆች እየተንከተከቱ በበራችን አለፉ። "ዘበኛዋ ደህና ናት?" ይላሉ። አንዱን ልጅ ይዤ ጠየቅኩት። የሳይንስ አስተማሪያቸው ስለ ልብ ሲጠይቅ፣ እጁን አውጥቶ የማያውቀው ወንድሜ እጁን አወጣ አለኝ። ክፍሎቹን፣ ደም ሥሮቹን፣ በሮቹን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ከዚያ ወደ ዘበኛዋ ገባ፤ ምሳዋን እንኳ አልተወም። ክፍሉ በሳቅ ሲናወጥ አስተማሪው "ከየት አመጣኸው?" ቢለው "ከመጽሐፉ ነው" ብሎ ድርቅ አለ።

ልጁን ለቅቄ ወደ ቤት ገባሁ። አስተማሪውን ተማሪዎች ጠመኔ ይሉታል፤ ጋዋኑ ከጠመኔ ብናኝ ጠርቶ አያውቅም። ተቆጪ ነው ይባላል። ያን ዕለት ማታ ጠመኔ ራሱ መጥቶ ደጃችን ላይ ሲቆም ወንድሜን ወደ ጋራዡ ሊወስደው የመጣ መሰለኝ።

"ይግቡ መምህር፣ ጋዋንዎ ደርሷል" አለች እናቴ።

"ለጋዋኑ አይደለም እናት።" መጽሐፍ ከብብቱ አወጣና መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ገልጦ አስቀመጠ። "ና እስቲ የኔ ልጅ፤ የልብን ነገር አንብብልኝ።"

ወንድሜ ተጠጋ። ገጹ ሥዕል የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ብቻ ነው። ዓይኑን ገጹ ላይ ተክሎ ጀመረ። "ልብ አራት ክፍሎች አሏት..." እያለ ጥርት አድርጎ ቀጠለ። አስተማሪው ያዳምጣል። እኔ ግን ቋጠሮዬ ላይ ሆኜ ገጹን አይቼዋለሁ፤ ዝም ማለት ደግሞ አልፈጠረብኝም።

"መምህር፣ ይሄ እኮ ስለ አፈር ነው" አልኩ።

ወንድሜ አቆመ። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ያኔ አንድ ትልቅ ነገር እንዳበላሸሁ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ስለዚህ ያበላሸሁት የመሰለኝን ሁሉ ለቀቅኩት። "ዘበኛዋንም እኔ ነኝ የፈጠርኳት። እሱ አያውቅም። ለእማዬ ሳነብ ሰልችቶኝ ነው።" ማልቀስ ጀመርኩ።

ጠመኔ አልተቆጣም። ትክክለኛውን ገጽ ገለጠና ለእኔ ሰጠኝ። "አንብቢ" አለኝ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ በሕይወቴ አንብቤ የማላውቀውን ንባብ አነበብኩለት። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። የሚያየው የወንድሜን ከንፈር ነበር፤ ከንፈሩ ከእኔ ድምፅ ትንሽ ቀደም እያለ ይንቀሳቀሳል። በጣም ተናደድኩ። አንባቢዋ እኔ፣ የሚታየው እሱ።

"በወረቀት ፈተና ላይ ባዶ ይሰጠኛል" አለ አስተማሪው ለእናቴ። "በቃል ስጠይቀው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ሰንፎ ነው እያልኩ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። መጽሐፉን ያነበበ ልጅ ግን ዘበኛዋ እንደሌለች ያይ ነበር።" ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። "ልጁ ሰነፍ አይደለም። የሚማረው በጆሮው ነው። እንዲህ ያሉ ልጆችን እያዳመጠች የምታስተምር አንዲት ሴት አለች፤ ላምጣት።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ድምፅ የሚያዳምጥ አንድ ሰው እንደሚመጣ ነው። የማን ድምፅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ቅዳሜ ያለችኝን ጥሩ ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተበጥሬ ጠበቅኩ። የመጣችው ሴትዮ ዝርግ ሣህንና አንድ ከረጢት አሸዋ ይዛለች። ሳትቀመጥ ማንበብ ጀመርኩላት። እስክጨርስ ታገሠችኝ።

"ጎበዝ ነሽ" አለችኝ። "አሁን ለወንድምሽ ቦታ ልቀቂለት።"

ውጪ ተባልኩ። በመስኮቱ በኩል ግን እንፋሎቱን ጠርጌ አየሁ። አሸዋውን ሣህኑ ላይ አፍስሳ ወንድሜ በጣቱ ፊደል ይጽፍበታል፤ እየጻፈ ድምፁን ያወጣል፤ ያጠፋል፤ ይደግማል። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ አሸዋ ሲጫወት ማየቴ አሳፈረኝ። በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች እናቴ ለኮሌታ ማጠንከሪያ ከሚሆነው ሻካራ ጨርቅ ፊደል ትቆርጥና አሮጌ አንሶላ ላይ በካውያ ታጣብቅለት ጀመር። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይዳስሳቸዋል። በዚያ አንሶላ ላይ እንድተኛ እንኳ አልተፈቀደልኝም።

አንድ ቀን አባቴ ለምሳ ሲመጣ ከሴትዮዋ ጋር ተገናኘ። አውቶቡሱን ደጃችን አቁሞ ገባ፤ እኔ እንደልማዴ መስኮቱ ሥር ነበርኩ።

"ዲስሌክሲያ ይባላል" አለችው። "ዓይኑ ደህና ነው፣ አእምሮውም ደህና ነው። የፊደሉን መልክ ከድምፁ ጋር ማገናኘቱ ነው የሚያስቸግረው። ይሄ ደግሞ በቁጣ አይስተካከልም።"

"ይድናል?"

"በሽታ አይደለም እኮ። አብሮት ያድጋል። ማንበብ ግን ይችላል፤ ቀስ ብሎ፣ በራሱ መንገድ። እስከዚያ የሚያውቀውን በአፉ ይናገር፣ ጥያቄውም ይነበብለት።"

"ከየት መጣበት?"

"ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ አለ" አለች። "እርስዎስ በልጅነትዎ ትምህርት እንዴት ነበር?"

አባቴ ብድግ አለ። "ጎማዬን ልየው" ብሎ ወጣ።

በሽታ የምትለዋን ቃል ብቻ ይዤ፣ ክፉኛ ደንግጬ ብርጭቆዬን ከወንድሜ ብርጭቆ ለየሁ። አባቴ ደግሞ በሴትዮዋ የተናደደ መሰለኝ። አውቶቡሱ መግቢያ ላይ ያለችው ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር። ማታ ማታ "ዓይኔ ደክሟል" እያለ ጋዜጣውን ለምን ለእኔ እንደሚሰጠኝ፣ አዲስ መስመር ሲመደብለት ለምን በእረፍት ቀኑ በእግሩ ሄዶ ፌርማታዎቹን እየዞረ እንደሚያይ የነገረኝ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ "ጋራዡ ሰው አግኝቷል አሉ" አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለብርጭቆው የሚናገር ይመስል ነበር። ወንድሜ ሥራው ስላመለጠው አዘንኩለት። እናቴ ለምን እጁን እንደያዘችው አልገባኝም። ጋራዡ ግን ማንንም አላገኘም ነበር።

ፈተናው ደረሰ። ጠመኔ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተሟግቶ ለወንድሜ ጥያቄው እንዲነበብለትና መልሱን በአፉ እንዲሰጥ አስፈቀደ። የምታነብለት እኔ ነኝ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ያነበበለት ግን አስተማሪው ነው። እኔ ከእናቴ ጋር ከበሩ ውጭ ቆምኩ። እናቴ ባዶ እጇን የሆነ ጨርቅ እንዳለበት ሁሉ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ወንድሜ ወጥቶ ሲያየን "ነገርኩት" አለ፤ "ሁሉንም ነገርኩት።" አለፈ። አንደኛ አልወጣም፣ መሃል ላይ ነበር፤ እኛ ቤት ግን መሃሉ በቂ ነበር።

ማንበቡ ጊዜ ወሰደ። በአንድ ክረምት አልሆነም፣ በሁለትም አልሆነም። አንድ ከሰዓት ግን እናቴ ስትተኩስ፣ እኔ ቋጠሮዬ ላይ ኩርፍ ብዬ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ወንድሜ የድሮውን የሳይንስ መጽሐፍ አወጣ። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ፣ እየቆመ፣ እየተመለሰ የልብን ገጽ ጮክ ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ማንም አልረዳውም። እናቴ ካውያውን ማንሳት ረስታ ስታዳምጥ የጠመኔ ጋዋን ኪሱ ላይ ተቃጠለ። አስተማሪው ሲሰማ ሌላ አትግዙልኝ አለ፤ ያንን የተቃጠለ ጋዋን ለብዙ ዓመት እየለበሰ አስተማረበት።

ወንድሜ አንብቦ ሲጨርስ ገጹን ገልብጦ አየ፣ መልሶም አየ።

"እውነትም የለችም" አለኝ።

"ማን?"

"ዘበኛዋ።" ቅር ብሎታል። "መኖር ነበረባት።"

ያን ጊዜ ምን ብዬ እንደመለስኩለት ረስቼዋለሁ። በእርግጥ የማስታውሰው በእኔ ድምፅ ላይ ሳይደገፍ ማንበቡን ሳይ ትንሽ እንደከፋኝ ነው፤ ሬዲዮዋን የዘጉብኝ መሰለኝ። እናቴ አየችኝና "ነይ አንቺም አንብቢልኝ፣ ተረት ይሁን" አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሷ ብቻ ያነበብኩት ያን ዕለት ይመስለኛል።

ትናንት ወንድሜ እንደልማዱ በምሳ ሰዓቱ መጣ። የያዝነው መጽሐፍ ስለ አንድ መንገደኛ ነው፤ ሰውየው ከባቡር ጣቢያ ከወጣ በኋላ ቦርሳው ትዝ ይለዋል። ወንድሜ እየቆመ፣ እያጤነ ያነባል። ሰውየው ወደ በሩ ሲመለስ ግን ድምፁ ሳይደናቀፍ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው መሄድ ጀመረ።

"በበሩም ላይ አንዲት ዘበኛ ቆማ ነበር። ዕቃ ረስቼ ነው ቢላትም አላስገባችውም።"

ፋሻዬ ሥር ዓይኔ ሞቀ። ዶክተሩ ማልቀስ ክልክል ነው ስላለኝ ሳቅኩ።

"ይሄ እውነት መጽሐፉ ላይ አለ?" አልኩት።

"እኔ እንጃ። ፋሻሽ ሲፈታ አንብበሽ እይው።"

"ምሳዋንስ?"

ገጹን ሲገልጥ ሰማሁት።

"ቆማ ነው የምትበላው" አለኝና ጣቱን ወደ መስመሩ መልሶ ንባቡን ቀጠለ።